ቴሌቪዥኑን ለማስተባበል አንኮበር ደርሰን ስንመለስ

ከአዲስ አበባ በግማሽ ቀን የሚደረስበትን አንኮበርን ሳላይ ፀጉሬ ሸበተ። አሁን አየሁት። ስለ ገደሉ፣ ስለ ጉሙ፣ ስለ ጥንቱ ቤተ መንግሥት ፍራሽ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ እዚያ የማትደርሱ ሰዎችም ያንን ማንበብ ትመርጡ ነበር። ግን የሄድኩት ለሽምግልና ነው፤ የተመለስኩትም አንገቴን ደፍቼ ነው። ስለዚህ የምጽፈው ያንኑ ነው። የሰዎቹን ስም ለውጫለሁ፤ እንድጽፍም አባወራውን አስፈቅጃለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእህቴ የእታፈራሁ ልጅ ብሩክ፣ ደብረ ብርሃን ሲሠራ ትዕግሥት የምትባል ነርስ ወደደ። አባቷ አቶ ወንዳፍራሽ አንኮበር አጠገብ ገበሬ ናቸው። አንድ ጊዜ ሽማግሌ ተልኮ፣ እንደ ወጉ "እንማከርበት" ተብሎ ለጥር መጨረሻ ተቀጥረን ነበር። ቀጠሮው ሳይደርስ አቶ ወንዳፍራሽ በቴሌቪዥን ቀረቡ። ዝግጅቱ ስለ አየር ንብረት ለውጥ ነበር። መጀመሪያ የተሰነጣጠቀ መሬት ታየ፤ ቀጥሎ አንዲት ዘመም ያለች ጎጆ፤ ከጎጆዋ ፊት ለፊት ደግሞ እጃቸውን አጣምረው የቆሙ እኚሁ ሰው። "ክረምቱ ሳይደርስ ወጣብን፤ ለበልግ ካስቀመጥናት ዘር በቀር ቤታችን ውስጥ ምንም የለም" አሉ።

እህቴ ሪሞቱን አስቀምጣ እኔን አየችኝ። ልጄን ከእርዳታ ጠባቂ ቤት ላጋባ ነው ወይ ማለቷ ነበር። አፍ አውጥታም አለችው።

እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ማተሚያ ቤት የጋዜጣ ገጽ አቀናባሪ ነበርኩ። አንድ የተሰነጣጠቀ መሬት ፎቶ፣ አጠገቡ የበሬ አፅም ያለበት፣ አንድ ጊዜ የምሥራቁ፣ ሌላ ጊዜ የደቡቡ፣ ሌላ ጊዜ የጎረቤት አገር ድርቅ ሆኖ ሲታተም በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ስለ አየር ንብረት የሚወራ ነገር ሲመጣ ድምፁን ቀንሼ ሻይ የምጠጣ ሰው ሆንኩ። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" የምትለዋን ተረት በቤታችን ያሰለቸኋት እኔ ነኝ። እህቴንም "ሄጄ በዓይኔ አይቼ እነግርሻለሁ፣ ውሸት ነው" አልኳት። ገና ሳልሄድ ውሸት መሆኑን ማወቄን ልብ በሉልኝ።

ዓርብ

መንገዱ ሰላም መሆኑን ደዋውለን ካረጋገጥን በኋላ ከላምበረት መናኸሪያ በሚኒባስ ተነሳን። አብረውኝ ያሉት የቤተሰቡ ነፍስ አባት ቄስ ታደለ ናቸው። እሳቸው ከጃንጥላቸውና ከመቋሚያቸው በቀር ዕቃ አልያዙም። እኔ ስኳርና ቡና የሞላ ቦርሳ ይዤ፣ ካፖርቴን ግን ቤት ረስቻለሁ።

ከሰንዳፋ በኋላ ሜዳው ተከፈተ። የጭድ ክምር በየደጁ ቆሟል። "የታለ ድርቁ፣ አባ?" አልኳቸው። ቄስ ታደለ መንደር ተወልደው ያደጉ ናቸው፤ የጭድ ክምሩ ከወትሮው አነስ እንዳለባቸው ተናገሩ። እኔ ደግሞ ክምር ክምር ነው አልኩ። የኛ ሰፈር ሰው ክምር የሚያውቀው የአሸዋ ነው፤ ትልቁንና ትንሹን በምን ልለየው?

ጫጫ ስንደርስ ጎማችን ተነፈሰ። ሾፌሩ መለዋወጫውን ሲያወጣው እሱም የተነፈሰ ሆነ። አዲስ አበባ ቢሆን ተሳፋሪው ሾፌሩን ከነዘር ማንዘሩ ይሰድበው ነበር፤ እዚያ ግን አንዲት እህል ነጋዴ ሴት ከሱቋ በርጩማ አውጥታ አስቀመጠችን፣ የገብስ ቆሎም በሳህን አቀረበች። ስንጨዋወት ዘንድሮ ገብስ ከገበያ መጥፋቱን፣ ከወደ አንኮበር በኩል ጭራሽ እንዳልመጣ ነገረችን። አመስግኜ ቆሎዋን እየቆረጠምኩ፣ ነጋዴ መቼ ተትረፈረፈ ብሎ ያውቃል ብዬ በልቤ ተውኩት።

ደብረ ብርሃን ስንገባ ብርዱ ጆሮዬን ይዞ ጠበቀኝ። ዓለም ሞቀች የሚለውን ሰው አምጥቶ ያለ ካፖርት እዚህ ማቆም ነው እያልኩ ባጃጅ ውስጥ ስቀልድ ባለባጃጁ ሳቀልኝ፤ ቄሱ አልሳቁም። የሆቴላችን ባለቤት ጥርሴ ሲንገጫገጭ አይታ ከራሷ አልጋ የሱፍ ባና አንስታ አለበሰችኝ። ቀኑ የጾም ነውና ሽሮ በላን። ውሃው ከቧንቧው እንደ በረዶ ነው የሚወርደው፤ ቢሆንም ይወርዳል፤ የኛ ሰፈሩ ግን በፈረቃ ነው።

እራት ላይ እያለን ለአቶ ወንዳፍራሽ ደወልኩ። ነገ እንመጣለን ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። እኔ ግን እንዲህ አልኳቸው፦ "አቶ ወንዳፍራሽ፣ የቴሌቪዥኑን ወሬ እኔ አላመንኩም። የተጠራጠሩ ሰዎች አሉ፤ ነገ ቤትዎን በዓይናችን አይተን የሐሜተኛውን አፍ እንዘጋለን።" ሰውየው "ደህና፤ በሰላም ያምጣችሁ" አሉ። ስልኩን ስዘጋ ቄስ ታደለ የጠቀለሉትን ጉርሻ አስቀምጠው እያዩኝ ነው። ወደ ሰው ቤት የሚሄድ እንግዳ ጓዳህን ላይ ነው የምመጣው አይልም አሉኝ። እኔ ላጽናናቸው እንጂ ልመረምራቸው መች ፈለግኩ ብዬ ተከራከርኩ።

ቅዳሜ

ጠዋት ሜዳው በአመዳይ ነጭ ሆኖ ነበር። ወደ አንኮበር የሚሄደው መኪና እስኪሞላ ድረስ ተቀምጠን ጠበቅን። መንገዱ ጫፍ ላይ ሲደርስ መሬቱ ድንገት ያልቃል፤ ከታች ጉም ነው። ጭላዳ ዝንጀሮዎች መንገዱ ዳር ቁጭ ብለው ሣር ይነጫሉ። አንዱ መኪናው ቆም ሲል ቀርቦ የቄሱን ጃንጥላ በመስኮት ሊወስድ ታገላቸው፤ ቄሱ አለቀቁም፤ ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ።

ከአስፋልቱ ወርደን የአቶ ወንዳፍራሽ ቤት ድረስ ቁልቁል በእግር ሄድን። ሁለት ጊዜ ተንሸራትቼ ወደቅኩ። አቶ ወንዳፍራሽ ግማሽ መንገድ ወጥተው ተቀበሉን፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ንጹሕ ጋቢ የለበሱ ሰው ናቸው። ቤታቸው ቆርቆሮ የለበሰ፣ ግድግዳው በአመድ የተለሰነ ነው። ዘመም ያለችውን ጎጆ ብፈልግ ብፈልግ አጣኋት። ደጅ ላይ ሁለት የሰቡ በሬዎች ታስረዋል።

ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ ሙቅ ውሃ አምጥተው፣ ዝቅ ብለው የጭቃ እግሬን አጠቡኝ። እኛ ቤት እንግዳ ሲመጣ ጫማ አውልቅ ነው የሚባለው፤ እንዲህ ያለ ክብር ማን አይቶ። ከዚያ መብሉ መጣ። የበግ ወጥ፣ የገብስ እንጀራ፣ ወፍራም ዳቦ፣ ጠላ፣ ከጠላው በኋላ አረቄ። ሳህኔ ጎደል ባለ ቁጥር ይሞላል። "በሞቴ" ሲሉኝ አንዴ፣ "አፈር ስሆን" ሲሉኝ ሌላ ጊዜ ጎረስኩ። ቄስ ታደለ ጥቂት ቀምሰው እጃቸውን ሰበሰቡ፤ ሆዳቸውን ያመማቸው መስሎኝ የሳቸውንም ድርሻ እኔ ደገምኩ።

ከመብሉ በኋላ ቄሱ ተነስተው ጥያቄያችንን በወጉ አቀረቡ። አቶ ወንዳፍራሽ "ልጃችሁን ልጃችን አድርገናል" ብለው መለሱ። እልል ተባለ። ያን ጊዜ ነው የቴሌቪዥኑን ነገር ያነሳሁት።

አቶ ወንዳፍራሽ ሲስቁ ዓይናቸው ይጠፋል። ጋዜጠኞቹ መጥተው ጋቢያቸውን እንዳስወለቋቸው፣ ከቤታቸው ፊት ሳይሆን ከፍየሎቹ ጎጆ ፊት እንዳቆሟቸው፣ የተሰነጣጠቀው መሬትም ከብት የሚጠጣበት፣ በየዓመቱ በኅዳር የሚደርቅ ኩሬ መሆኑን አወሩን። እኔ ጭኔን መታሁ። "አላልኩም!" አልኩ። አንድም ቀን እንዲህ አሸንፌ አላውቅም።

"ኩሬውስ እንዳልኩት ነው" አሉ አቶ ወንዳፍራሽ ሳቃቸውን ገታ አድርገው፣ "ዝናቡ ግን፣ ጋሽ ሙላት፣ እውነቱን ለመናገር..."

"ተዉት እባክዎ" ብዬ አቋረጥኳቸው። "እነሱን ለማስተባበል እንኳ አይድከሙ። ይኸው እያየን!" ገበታውንም በሬዎቹንም በእጄ አሳየሁ። አቶ ወንዳፍራሽ ባለቤታቸውን አዩ። ወይዘሮ አስካለ ጠላ ቀዱልኝ።

ይባስ ብዬ ስልኬን አወጣሁ። ለእህቴ ቪዲዮ ልልክላት ነው። ገበታው እንዲታይ መሶቡን ወደ በሩ አስጠጋሁት፤ አቶ ወንዳፍራሽን ብርሃን ባለበት አስቀመጥኳቸው፤ ጋቢያቸውን በትከሻቸው ላይ አስተካከልኩላቸው። በሬዎቹ ከኋላቸው በበሩ እንዲታዩም ትንሽ ፈቀቅ በሉ አልኳቸው። ከዚያ "የጎደለብዎ ነገር አለ?" ብዬ ጠየቅኩ። "ምን ጎደለን፤ እግዚአብሔር ይመስገን" አሉ። እንግዳ ፊት፣ ልጃቸውን በሰጡበት ሰዓት፣ ሌላ ምን እንዲሉ ነበር?

ማታ የቤቱን አልጋ ለኛ ለቀው ባለቤቶቹ መደብ ላይ ተኙ። እኔ ጠግቤ አንቀላፋሁ።

እሑድ

ቅዳሴ ሄድን። ስንመለስ ሴቶች ምንጭ ዳር ጀሪካን ደርድረው ወረፋ ይጠብቃሉ። ምንጩ የሚንጠባጠብ ያህል ነው። ቄስ ታደለ ቆመው አዩት። እኔ የኛ ሰፈርም ወረፋ አለ ብዬ አለፍኩ። አሁን ሳስበው እኛ የምንሰለፈው ቧንቧ ሲበላሽ ነው፤ ምንጭ የሚበላሽበትን ነገር አልጠየቅኩም።

ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አንድ የቀበሌ ሰው አቶ ወንዳፍራሽን ነጠል አድርጎ ስልኩን አሳያቸው። ሁለቱም ጎንበስ ብለው አዩ። ሰውየው እየሳቀ ትከሻቸውን መታ አድርጎ ሄደ። አቶ ወንዳፍራሽ ወደኛ ሲመለሱ ምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው፤ "ሰላም ነው፤ ሰላምታ ነው" አሉኝ። ቀኑን ሙሉም አንዲት ቅሬታ ፊታቸው ላይ አላየሁም። ፀሐይ እንድንሞቅ ደጅ ቁርበት አነጠፉልን፤ ቁልቁል ቆላውን፣ የአሊዩ አምባን አቅጣጫ አሳዩን፤ የልጅነታቸውን የገበያ ጉዞ አጫወቱን። ከስልኬ ላይ እህቴ ቪዲዮውን በቤተሰቡ ግሩፕ መልቀቋን፣ አንድ የአጎታችን ልጅ ደግሞ ከቴሌቪዥኑ ጋር ጎን ለጎን አድርጎ "ውሸታቸው ሲጋለጥ" ብሎ ፌስቡክ ላይ ማውጣቱን አየሁ። ብዙ ሰው ተቀባብሎታል። ለቄሱ ሳሳያቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ ፀሐዩ መስሎኝ ነበር።

ሰኞ

ስንነሳ በሬዎቹ ደጅ የሉም። ለግጦሽ ሄደዋል ብዬ አላነሳሁትም። ወይዘሮ አስካለ ለእህቴ ብለው በቅቤ የታሸ ጭኮ በሞሰብ ወርቅ አሲያዙን። አቶ ወንዳፍራሽ ቦርሳዬን ተሸክመው አስፋልቱ ድረስ ሸኙን፤ እንዳልወድቅም እጄን ይዘውኝ ወጡ።

ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ትዕግሥት እየጠበቀችን ነበር። ወጉ አይፈቅድምና ሽማግሌ ሲመጣ ቤት አልነበረችም። ነጭ የሥራ ልብሷን ሳታወልቅ ነው የመጣችው። የቄሱን መስቀል ተሳለመች፣ እኔንም ሦስት ጊዜ ሳመችኝ፤ ሻይ እንጠጣ ብላ አንድ ጥግ አስቀመጠችን። ሻዩ ሲመጣ አልነካችውም።

"ጋሼ፣ ቪዲዮውን አዩት?" አለችኝ።

እኔ ነኝ ያነሳሁት አልኳት፤ እንደሚያኮራ ነገር።

"አውቃለሁ። በሬዎቹ የጎረቤት ናቸው። በጉ የመጨረሻው ነው። ጠላው የጎረቤት ብድር ነው። እንጀራውም፣ ዳቦውም የበልጉ ዘር ነው።" ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። "ዓርብ ሲደውሉ እናቴ ዘሩን አውርዳ አስፈጨችው። ሊያዩን ነው የሚመጡት አሉ። ምን ያድርጉ?"

ቴሌቪዥኑ የፍየል ጎጆ ፊት አቁሟቸው የለም ወይ አልኩ፤ ይህን ማለቴ እስካሁን ያሳፍረኛል።

"አቁሟቸዋል። ጎጆው ውሸት ነው፤ ዝናቡ ግን እውነት ነው። ቀበሌው ለበልግ ዘር ሊሰጥ ነበር፤ አባቴም ከሚያገኙት አንዱ ነበር። ትናንት ቪዲዮውን አሳይተው 'አንተማ ሞልቶልሃል፣ የባሰበት ይቅደም' አሉት። እሺ አለ። እናንተ ቤቱ ተቀምጣችሁ፣ ቪዲዮው ላይ ውሸቴን ነው ይበል?" አንገቷን ደፋች። "አባቴ በሕይወቱ አንድ ቀን ቸገረኝ አለ። እሱንም ውሸት አደረጋችሁበት፣ ጋሼ።"

ቄስ ታደለን አየኋቸው። ገበታውን ሲያዩ ገብቷቸው እንደነበር ያን ጊዜ ተረዳሁ። ለምን አልነገሩኝም ስላቸው፣ ሰው ጓዳውን ሸፍኖ ሲያስተናግድ ሽፋኑን የሚገልጥ እንግዳ የለም አሉ። ከዚያም፣ ዓርብ ዕለት ሊነግሩኝ ሞክረው እንዳልሰማኋቸው አስታወሱኝ። "ወዳጅህ ማር ቢሆን ጨርሰህ አትላሰው" የሚባለውን እኔም ለሰው እናገራለሁ። እኔ ግን የቄሱንም ድርሻ ልሼዋለሁ።

ትዕግሥት ሚኒባሱ እስኪወጣ ቆማ ሸኘችን። የኔን ቲኬት ራሷ ቆርጣ ነበር። ከደብረ ብርሃን እስከ ላምበረት በመስኮቱ የጭድ ክምሮቹን እያየሁ ትንንሽ መሆናቸው አሁን ታየኝ፤ ወይም ታየኝ ብዬ አሰብኩ። ዓይኔን ማመን ትቻለሁ።

ከተመለስኩ በኋላ

እህቴ ጭኮውን እየቆረሰች ነበር ስነግራት። የቆረሰችውን ወደ ሞሰብ ወርቁ መለሰችው። ክዳኑን ገጥማ፣ ዘሩን ፈጭቶ እንግዳ ከሚያበላ ሰው ጋር ካልተጋባሁ ከማን ጋር ልጋባ ነው አለች። ቪዲዮውን የአጎታችን ልጅ እንዲያነሳው አደረግን። እሱ አነሳው፤ የተቀባበሉት ግን አላነሱትም። አንዳንዱ እስካሁን ከሥሩ ይስቃል።

እውነቱን ራሴ ላወጣው አሰብኩ። አባ ግን፣ ሰውየውን ሦስተኛ ጊዜ አደባባይ ላቆማቸው እንደሆነ ጠየቁኝ፤ መጀመሪያ በፍየል ጎጆ ፊት፣ ቀጥሎ በሰው በሬ ፊት፣ አሁን ደግሞ በባዶ ጎተራ ፊት? ቀበሌውም ዘሩን አከፋፍሎ ጨርሶ ነበር። የቀረኝ ዘሩን መተካት ነው። የደጋ ዘር ገብስ እንደ ስኳር ከሱቅ የሚገዛ መስሎኝ፣ ስጠይቅ ስመላለስ የካቲት አለቀ። በመጨረሻ ጫጫ ያችው በርጩማ ያወጣችልን ሴት አገኘችልኝ። መጋቢት ሲጋመስ ደስ ብሎኝ ለአቶ ወንዳፍራሽ ደወልኩ፤ ዘሩን በዚህ ሳምንት ይዤ እመጣለሁ አልኳቸው። እህቴ አጠገቤ ተቀምጣ ትሰማለች።

"አይድከሙ፣ ጋሽ ሙላት" አሉኝ። "በልጉ ቀርቷል። የዘሩትም አፈር ውስጥ ቀርቶባቸዋል። ያቺን ብንዘራት ኖሮ እሷም መቅረቷ ነበር። እንኳን በላችኋት። መሬት ከሚበላት እናንተ ብትበሏት ይሻላል።"

ሊያጽናኑኝ ነው። ሰውየው ዝናብ ቀርቶባቸው፣ እኔ እንዳላፍር ይጨነቃሉ። እኔስ? እኔ ቀለለኝ። ዘራቸውን የበላሁባቸው ሰው መሆኔ ቀረ፤ ባልበላውም ይጠፋ ነበር። ከጥር ጀምሮ ደረቴ ላይ የተቀመጠው ነገር ወረደልኝና፣ ሳላስበው፣ ስልኩ ጆሮዬ ላይ እንዳለ፣ "ተመስገን" አልኩ።

እህቴ ቀና ብላ አየችኝ። ቆይተው አቶ ወንዳፍራሽ ቀስ ብለው "አዎ፣ ተመስገን ነው እንጂ ምን ይባላል" አሉና የቤተሰቤን ጤና ይጠይቁኝ ጀመር።